ነዳፊውና ሸማኔው፤ ስለ ሀገር ልብስ ንድፍ የቀረበ ሂስ

ስለ ሀገራችን ልብስ ብዙ ተወድሷል፤ የተመረመረው ግን ጥቂት ነው። ነጠላውና ቀሚሱ በበዓል ቀን ሲታዩ «ያምራል» ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል። ሥዕል በቀረበልን ጊዜ ሠዓሊው ማን እንደ ሆነ፣ ቀለሙን እንዴት እንደ ተጠቀመበት፣ ከርሱ በፊት ከነበሩት ምን እንደ ወሰደና ምን እንደ ጨመረ እንጠይቃለን። ግጥም ሲነበብልን ቤቱንና ምቱን እንመረምራለን። በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ ልብስ ግን ከምስጋና በቀር ሌላ ነገር የማይገባው ይመስል ሂስ ሳይነካው ቆይቷል። ምስጋና ብቻውን ደግሞ አንድን ሙያ አያሳድግም፤ ደካማውንና ጠንካራውን ሥራ በአንድ መደብ ያስቀምጣል፤ የሠራውንና ያሠራውንም ለይቶ አያሳይም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሀገር ልብስን እንደ ማናቸውም የጥበብ ሥራ ቀርቦ መመርመር ነው። ዋና አሳቡም በአጭሩ ይህ ነው፦ የሀገር ልብስ የሦስት ሰዎች ሥራ ነው፤ ጨርቁን የሚሠራው ሸማኔ፣ ጨርቁን ቈርጦ ቅርጽ የሚሰጠው ነዳፊ፣ በገላው ላይ የሚያደርገው ለባሽ። ስለ ልብስ የሚነገረውና የሚጻፈው ዛሬ ባመዛኙ ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው። ሸማኔው ከሂሱ ውጭ በመቅረቱ ሂሱ ራሱ ተሳስቷል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የአንድ ቀሚስ ጥንካሬም ሆነ ድካም የሚገኘው መቀስ ሳይነካው በፊት በጨርቁ ውስጥ ነው።

1. ስለ ቃላቱ

ቋንቋችን በዚህ ነገር ላይ የሚያስተምረን አለ። ጥጥ ከተዳመጠና ፍሬው ከወጣለት በኋላ በደጋን አውታር እየተመታ ሲፍታታ «ተነደፈ» ይባላል። የተነደፈው ጥጥ ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በእንዝርት ተፈትሎ ክር ይሆናል። ዛሬ ደግሞ የልብስን መልክና ቅርጽ አስቀድሞ በወረቀት ለሚያወጣው ባለሙያ ነዳፊ፣ ለሥራውም ንድፍ የሚሉትን ቃላት እንጠቀማለን። አንዱ ግስ ለመጀመሪያው የእጅ ሥራና ለመጀመሪያው የአሳብ ሥራ አገልግሏል። ቃሉን የሚያውቅ ሰው ንድፍ ከወረቀት ብቻ ይጀምራል ለማለት ያዳግተዋል።

ሁለተኛው ቃል ጥበብ ነው። በቀሚሱ ጠርዝና በነጠላው ጫፍ ላይ የሚገባውን ባለቀለም ሽመና ሕዝቡ ጥለት ይለዋል፤ ጥበብም ይለዋል። «የጥበብ ቀሚስ» ሲባል ሰሚው ሁሉ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ለዕውቀትና ለኪነት የምንጠቀምበትን ታላቅ ስም የአራት ጣት ስፋት ላለው የሽመና ሥራ መስጠታችን እንዲያው በዘፈቀደ የሚታለፍ አይደለም። ሆኖም ስሙን ለሥራው ስንሰጥ ለሠራተኛው አልሰጠነውም። በሀገራችን ሰሜንና መካከል ሸማኔነት ለብዙ ዘመን የንቀት ስም ነበር።

2. ስለ ጨርቁ አሠራር

ሂስ ከአሠራር መነሣት ስላለበት የሸማኔውን ሥራ በአጭሩ መግለጽ ያስፈልጋል። ሸማኔው ከመሬት በተቈፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ይሰዳል። መርገጫዎቹን በእግሩ በተራ ሲጫን ድሩ ከሁለት ይከፈላል፤ በተከፈተውም መካከል ማጉን የያዘውን መወርወሪያ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው ያሳልፋል፤ ከዚያም ማጉን ወደ ራሱ ስቦ ይመታዋል። ከዚህ አሠራር ሁለት ነገሮች ይከተላሉ።

አንደኛው፣ የጨርቁ ወርድ የሚወሰነው በሰው ክንድ ነው። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ስለሚያልፍ ሸማኔው ዘርግቶ ከሚደርስበት በላይ ጨርቁ ሊሰፋ አይችልም። ስለዚህ ሰፊ ልብስ የሚሠራው ጠባብ ጨርቆችን ጐን ለጐን በመስፋት ነው። ስፌቱ የት ላይ እንደሚያርፍ የሚያስብ ነዳፊ ይህን ከሸማኔው ጋር አስቀድሞ መነጋገር አለበት።

ሁለተኛው፣ ጥለቱ የሚገባው በማግ በኩል ነው። ጥለቱ ዘንድ ሲደርስ የሸማኔው ፍጥነት ይቀንሳል። ባለቀለሙን ክር በጣቱ በድሩ መካከል እየቈጠረ ያስገባል፤ ስንት ድር አንሥቶ ስንት እንደሚተው የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ በአእምሮው የያዘው ቁጥር ነው። የቀሚሱ ታችኛ ክፍል ከብዙ ጨርቅ ሲገጣጠም የያንዳንዱ ጨርቅ ጥለት ከጐረቤቱ ጋር ቀጥ ብሎ መግጠም ይገባዋል። አንድ ድር ቢሳሳት፣ ወይም አንዱን ጨርቅ ጠበቅ ሌላውን ላላ አድርጎ ቢመታ፣ ጥለቱ በስፌቱ ላይ ይሰበራል። ልብስን የሚመረምር ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን መገጣጠሚያ ነው። የሸማኔው ችሎታ፣ የሰፊውም ጥንቃቄ የሚነበበው እዚያ ነው።

የፈታይዋም ነገር አይዘነጋም። በቀድሞው ሥርዐት የቤት እመቤት የገዛ ፈትሏን ለሸማኔ ትሰጥና የእጁን ዋጋ ትከፍል ነበር። የክሩ ቅጥነትና እኩልነት በርሷ እጅ የተወሰነ ስለ ነበር ከሸማኔው በፊት የልብሱን ጠባይ የወሰነች እርሷ ናት። ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር ይጠቀማሉ። ክሩ ስለማይበጠስ ሥራውን ያፋጥናል፤ ዳሩ ግን የእጅ ፈትል የሚሰጠውን ለስላሳነትና ጥቂት ወጣ ገባ ያለ ሕያው መልክ ይቀንሳል። ይህ መሆኑ መልካም ነው ወይስ ክፉ ብሎ ከመፍረድ በፊት፣ ልዩነቱን በእጅ ዳስሶ ማወቅ የሐያሲው ግዴታ ነው።

3. ስለ ለባሹ

አለባበስ የሰውን የግል ጠባይ ይገልጻል ሲባል በአውሮፓውያን ልማድ የሚታሰበው ምርጫ ነው፤ ይኸውም ይህን ገዝቶ ያንን መተው። በሸማ ልማድ ግን የግል ዘዬ በግዢ አያልቅም፤ በየቀኑ በትከሻ ላይ ይሠራል። ነጠላ አይቈረጥም፣ በገላ ልክም አይሰፋም። አራት ማዕዘን ሆኖ ከሸማኔው ይመጣና ቅርጹን የሚያገኘው ከለባሹ ነው።

ይህም ሥራ ሥርዐት አለው። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው መስቀለኛ ያጣፋል። በትልቅ ሰው ፊት የሚቆም ወይም ግብር የሚያበላ ያደገድጋል። ብርድ ወይም ኀፍረት ያገኘው ይከናነባል። ኀዘን የደረሰበት ነጠላውን ዘቅዝቆ ጥለቱን ወደ ላይ ያዞራል፤ የሚያየውም ሰው አፍ ሳይከፈት ኀዘንተኛ መሆኑን ይረዳል። ቀይ ጥለቱ ሰፋ ያለው ጃኖም በቀድሞው ዘመን የመኳንንት መለያ ነበር። እንግዲህ ነጠላ ፊደል ያለው ቋንቋ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ፊደሉ የጋራ ነው፤ ንግግሩ ግን የየግል ነው። አንድ ሸማኔ በአንድ ድር ላይ የሠራቸውን ሁለት ነጠላዎች ሁለት እኅትማማቾች ቢለብሱ አንዷ ወደ ኋላ የምትለቀው ጫፍ፣ ሌላይቱ በክንዷ ላይ የምትሰበስበው እጥፋት፣ ከሩቅ ያስለያያቸዋል።

ከዚህ አንድ የሂስ መመዘኛ እናገኛለን። መልካም የሀገር ልብስ ለለባሹ የሚሠራው ሥራ ይተውለታል። ሁሉንም ነገር አስቀድሞ የወሰነ፣ በገላ ላይ ተጣብቆ የማይንቀሳቀስ፣ ነጠላውንም በመርፌ በትከሻ ላይ የሰፋ ልብስ ለፎቶግራፍ ይመች ይሆናል፤ ለባሹን ግን ከደራሲነት ወደ ተመልካችነት ያወርደዋል።

4. አንድ የቆየ ምስክር

በለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ የዐፄ ቴዎድሮስ ባለቤት የእቴጌ ጥሩወርቅ ነው የሚባል ቀሚስ አለ፤ ሙዚየሙ እቴጌይቱን ጥሩነሽ በሚለው ስም ይጠራቸዋል። ቀሚሱ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ከያዘ በኋላ ከሀገር ከወጡት ዕቃዎች አንዱ ነው። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ሲሆን በልዩ ልዩ ቀለም የሐር ክር ተጠልፏል። ሙዚየሙም የመቅደላ 150ኛ ዓመት በታሰበበት በ2010 ዓ.ም. ከሌሎች የመቅደላ ዕቃዎች ጋር ለሕዝብ አሳይቶታል።

ዕቃው የማን ነው፣ ወዴትስ ይመለስ የሚለው ታላቅ ጥያቄ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ግን የሚነሣው ሌላ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ቀሚስ የለባሿ ስም ይታወቃል፤ የማረከው ጦር ይታወቃል፤ ለሙዚየሙ የደረሰበትም መንገድ ይታወቃል። የፈተለችው፣ የሸመነው፣ የጠለፈው ሰው ስም ግን አልተቀመጠም። ለዚህ ጥፋት ማራኪውን ብቻ ብንወቅስ ፍርዱ ይጐድላል። ቀሚሱ ከሀገር ሳይወጣ በፊትም ስማቸውን የሚመዘግብ አልነበረም።

የሥራው ሚዛን ግን ሊያስተምረን ይችላል። ነጩ መደብ ሰፊና ጸጥ ያለ ሆኖ ጥልፉ በተወሰነ ቦታ ይሰበሰባል። ዐይን የሚያርፍበት ስፍራ ስላለው የጥልፉን ዝርዝር ለማየት ትዕግሥት ያገኛል። የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች የነጩን ዋጋ ያውቁ እንደ ነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም። ነጭ ለነርሱ ገና ያልተሠራ ቦታ ሳይሆን ራሱ የተሠራ ነገር ነበር።

5. ስለ ዛሬዎቹ ነዳፊዎች

ባለፉት ኻያ ዓመታት ገደማ የሀገር ልብስ ነዳፊነት በአዲስ አበባ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ወጣቶች በየትምህርት ቤቱ ይማሩታል፤ ትርዒት ይደረጋል፤ ለሠርግ የሚሆን የሀበሻ ቀሚስ ከሽሮ ሜዳ ታዝዞ ዋሽንግተን ድረስ ይላካል። ይህ ሁሉ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ከሥራዎቹ መካከል ተደጋግመው የሚታዩ ሦስት ድክመቶች አሉ።

የመጀመሪያው መለጠፍ ነው። ጥለቱ ከተሸመነበት ጨርቅ ተቈርጦ በውጭ ሀገር ጨርቅ በተሰፋ የማታ ልብስ ላይ እንደ ማኅተም ይሰፋል። ልብሱ «የሀገር» የሚባለው በዚያች ቁራጭ ምክንያት ነው። ጥለቱን አውጥተን ብንጥለው ልብሱ ምንም አይጐድልበትም፤ እንዲህ ከሆነ ጥለቱ ከመጀመሪያውም የልብሱ አካል አልነበረም ማለት ነው።

ሁለተኛው ማብዛት ነው። ጥለት ብርቅና ውድ በመሆኑ ብዙ ጥለት ብዙ ክብር ይመስላል። ከዚህም የተነሣ ከጫማ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበትም እስከ ወገብ የሚወጣ፣ በሚያብረቀርቅ ክር የታጀለ ጥለት እናያለን። የሸማኔውን ድካም በሚገባ ያሳያል፤ ውበቱን ግን ይውጠዋል። ሁሉም ቃል በከፍተኛ ድምፅ የተነገረበት ንግግር ምንም እንደማይሰማ ሁሉ፣ ነጭ መደብ የሌለው ጥለትም አይታይም።

ሦስተኛው ጨርቁን ሳያውቁ መቍረጥ ነው። ጥለቱ በማግ በኩል የገባ ክር በመሆኑ በክብ መስመር ሲቈረጥ ጫፉ ይፈታል፤ ቅርጹም መካከሉ ላይ ይከፈላል። በሱፍና በሐር ላይ የሚያምረው አቈራረጥ በሸማ ላይ የሚከሽፈው ስለዚህ ነው። ነዳፊው ሥራውን በወረቀት ጨርሶ ወደ ሸማኔው የሄደ እንደ ሆነ፣ ጨርቁ አሳቡን ሲቃወመው ያገኘዋል።

በሌላ በኩል ከጨርቁ የተነሣ ሥራ ምን እንደሚመስል የሚያሳዩ አሉ። ለምሳሌ የምትታወቀው የፋሽን ባለሙያ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2007 ዓ.ም. ያቋቋመችውን ለምለም የተባለውን ድርጅት ማንሣት ይቻላል። ድርጅቱ የተመሠረተው በኢትዮጵያ ሸማኔዎች ገበያ ማጣት ምክንያት ሲሆን፣ ሥራዎቹ በውጭ ሀገር ገበያ ታውቀዋል። ጥንካሬው ግልጽ ነው። የሸማን ስስነትና ቀላልነት የልብሱ ዋና ነገር አድርጎታል፤ ልብሶቹ ሰፋ ብለው ይወድቃሉ እንጂ ገላን አያስጨንቁም፤ ቀለሙም በመስመር መስመር የገባ ስለ ሆነ ከሽመናው ጋር ይስማማል። ነጠላን የለበሰ ሰው ይህን አወዳደቅ ያውቀዋል።

ሆኖም ሂስ በዚህ አያበቃም። ባመዛኙ በመስመር ላይ የቆመ ንድፍ የሸማኔውን የመወርወሪያ ፍጥነት ይጠቀምበታል፤ በጣት የሚቈጠረውን ጥበቡን ግን እምብዛም አይጠይቀውም። መስመር ለማንኛውም ገበያ ይገባል፤ ጥለት ግን የሚያነበው ሰው ይፈልጋል። ነዳፊዋ ለሩቅ ገበያ መስመሩን መምረጧ ከንግድ አንጻር ማስተዋል ነው፤ ነገር ግን የሸማኔው ከፍተኛ ችሎታ ሥራ ፈትቶ የሚቀመጥ ከሆነ በሌላ ሰው ሊጠራ ይገባዋል። ይህ የሀገር ውስጥ ነዳፊዎች ድርሻ ይመስለናል፤ አንባቢያቸውና ፊደላቸው እዚሁ አሉና።

6. ስለ ታተመ ጥለት

በቅርብ ዓመታት በገበያ ላይ ሌላ ዓይነት ልብስ መጥቷል። የጥለቱ መልክ በፋብሪካ ጨርቅ ላይ የታተመበት፣ አብዛኛውም ከውጭ ሀገር የሚገባ ነው። ከዐሥር ክንድ ርቀት ሲታይ ከሸማኔው ሥራ አይለይም፤ ዋጋው ግን በጣም ያነሰ ነው።

ይህን ልብስ በቍጣ ብቻ መመለስ ቀላል ነው፤ ፍርዱ ግን ትክክል አይሆንም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ተረት ባለበት ሀገር፣ በእጅ የተሸመነ ቀሚስ መግዛት ያልቻለች ልጅ በበዓል ቀን ከጓደኞቿ እንዳትለይ የታተመውን ብትለብስ የሚነቅፋት ሰው በመጀመሪያ ኪሱን ይመልከት። ሸማኔው ራሱ ለልጁ ይህንኑ ገዝቶለት ይሆናል። ፋብሪካ ጨርቅም ለሀገራችን አዲስ ነገር አይደለም። አቡጀዲ ከገባ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካም በ1953 ዓ.ም. ሥራ ጀምሯል። ፋብሪካ በራሱ ሸማኔውን አላጠፋውም፤ አቡጀዲ አቡጀዲን ይመስል ነበርና።

ችግሩ የሚጀምረው የታተመው ራሱን የተሸመነ አስመስሎ ሲቀርብ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ጕዳት ይደርሳል። ገዢው ይታለላል፤ ሸማኔውም ለራሱ ሥራ ጥላ ተወዳዳሪ ይሆናል። ሂስ እዚህ ላይ ተግባራዊ ጥቅም አለው። የልብሱን ውስጥ ገልብጦ መመልከት በቂ ነው፤ የታተመው በስተጀርባው ይደበዝዛል፤ በተሸመነው ግን ባለቀለሙ ክር ከድሩ ጋር ሲያያዝ ይታያል። ይህን የሚያውቅ ለባሽ ሲበዛ ገበያውም ይታረማል። ዐይን ያልሠለጠነበት ገበያ ግን ሁልጊዜ ርካሹን ያነግሣል።

7. «ሸማኔው ይደግማል እንጂ አይፈጥርም» ስለሚሉት

በዚህ ጽሑፍ አሳብ ላይ አንድ ብርቱ መቃወሚያ ሊቀርብ ይችላል። ሸማኔው የአባቱን ጥለት ይደግማል፤ አዲስ ነገር የሚያመጣው ነዳፊው ነው፤ ስለዚህ ስሙ መጠራት ያለበት የነዳፊው ነው የሚል ነው። ሕጉም በዚህ በኩል የሚያጋድል ይመስላል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ የሚሰጠው ንድፉ አዲስ ሲሆን ነው፤ ከአያት የወረደ ጥለት ግን አዲስ ሊባል አይችልም።

ለዚህ መቃወሚያ ሁለት መልስ አለን። በመጀመሪያ፣ መደገም ከመፍጠር ጋር አይጣላም። የቅኔ ተማሪ በታወቀ መንገድ ይቀኛል፤ የዜማ ሊቅ በታወቀ ምልክት ያዜማል፤ ፈጠራቸውን የሚክድ ግን የለም። ሸማኔም በታወቀ ቁጥር ውስጥ ቀለሙን ይመርጣል፤ ስፋቱን ይመጥናል፤ ቅርጹን ያጐራብታል። ሁለተኛ፣ የሸማኔው የገዛ ምርጫ ምን እንደሚመስል ማወቅ የሚሻ ወደ ጋሞ ደጋ ይመልከት። በአዲስ አበባ ከሚታወቁት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ የመጡ ናቸው። ለከተማው ነጭ ሸማ የሚሠሩት እነዚህ ሰዎች በሀገራቸው ለራሳቸው የሚሸምኑት ዱንጉዛ ጥቁር፣ ቀይና ቢጫ የተሰለፉበት ደፋር ልብስ ነው። ነጩ የደንበኛው ምርጫ ነበር ማለት ነው። ሸማኔው ሁለት ቋንቋ ይናገራል፤ እኛ የሰማነው ግን አንዱን ብቻ ነው።

ከመቃወሚያው በስተጀርባ ያለውን የቆየ ንቀትም መዘንጋት አይገባም። በጎንደር በኩል ሽመና በብዛት የሙስሊሞችና የቤተ እስራኤል ሙያ ነበር፤ በአዲስ አበባም «ዶርዜ» የሚለው የሕዝብ ስም የሙያ ስም፣ አልፎም መናቂያ እስከ መሆን ደርሷል። ርስት የሌለው በእጁ ይኖራል፤ በእጁ የሚኖርም ይናቃል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ በዚያም ሸማኔ ከሌሎቹ ባለ እጆች ጋር ተጠቅሷል። ስድቡ በአዋጅ ተከልክሏል፤ አለመጥራት ግን በአዋጅ አይከለከልም። ዛሬ ማንም ሸማኔን በአደባባይ አይሰድብም፤ ልብሱ በትርዒት ላይ ሲቀርብ ግን ስሙ አይነሣም።

የስሙ አለመነሣት ደግሞ ክብርን ብቻ የሚነካ አይደለም፤ ኑሮን ይነካል። ማን እንደ ሠራው የማይጠየቅ ልብስ በምን ሁኔታ እንደ ተሠራም አይጠየቅም። ከጋሞ አካባቢ ሕፃናት ትምህርት ይማራሉ ተብለው ወደ አዲስ አበባ እየመጡ በሽመና ጉድጓድ ውስጥ ረዥም ሰዓት ሲሠሩ እንደ ኖሩ በጥናትም በዜናም የታወቀ ነው። የሕፃን ጣት ቀጭን ክር ለመቍጠር ይመቻል። ውብ ጥለት ያለበት ቀሚስ ቀርቦልን «ያምራል» ብቻ ብለን ስንዘጋ፣ ያ ውበት ከየትኛው እጅ እንደ ወጣ ላለማወቅ መምረጣችን ነው። ሂስ የውበት ጉዳይ ነው እንጂ የፍትሕ ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው ቢኖር፣ ለአንድ ሥራ ሠሪውን መጥራት የውበት ምርመራ መጀመሪያ መሆኑን ያስብ።

8. ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረውን በአጭሩ ለመሰብሰብ፣ የሀገር ልብስን የሚመረምር ሰው ቢያንስ አምስት ጥያቄዎችን ያንሣ። ጨርቁን ማን ሠራው? ፈትሉ የእጅ ነው ወይስ የፋብሪካ? ጥለቱ በስፌቱ ላይ ይገጥማል ወይስ ይሰበራል? ነዳፊው ጥለቱን ባያገባ ልብሱ ምን ይጐድልበት ነበር? ለለባሹስ ምን ተተወለት? እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ የውጭ ሀገር መጽሐፍ አያስፈልግም፤ ዐይን፣ እጅና አንደበት ይበቃሉ።

ለነዳፊዎችም የምንለው አለ። ሥራው በወረቀት ሳያልቅ ወደ ሸማኔው መሄድ ዋጋው ብዙ አይደለም፤ የሚያስገኘው ግን ብዙ ነው። በልብሱ ውስጥ ከነዳፊው ስም በታች የሸማኔውን ስም የያዘች ትንሽ ጨርቅ መስፋትም ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ሠዓሊ በሥዕሉ ጥግ ይፈርማል፤ ሸማኔ የሚፈርምበት ጥግ የሚሰጠው ነዳፊው ነው።

ለእኛም ለተማሪዎች የሚቀር ሥራ አለ። ከትምህርት ቤታችን ሽሮ ሜዳ ሩቅ አይደለም፤ በእንጦጦ ግርጌ ያሉት የሽመና ቤቶች በራቸው ክፍት ነው። የጥለት ቅርጾች የየራሳቸው ስም አላቸው፤ ስሞቹን የሚያውቁት ሽማግሌ ሸማኔዎች ናቸው፤ ብዙዎቹም ልጆቻቸው ሌላ ሙያ እንዲይዙ ይፈልጋሉ። የታሪክና የቋንቋ ተማሪዎች የጥለቱን ስም ከነቁጥሩና ከነሠሪው ቢመዘግቡ፣ ወደፊት ስለ ልብስ የሚጽፍ ሰው ከምስጋና የሚያልፍ ነገር ይኖረዋል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የምንለው ተረት ስለ ኅብረት ኃይል ሲጠቀስ ይኖራል። ድሩን የፈተለችውንና ያደራውን ሰው መዝግቦ ማቆየት ግን በዚህ ዘመን በእጃችን ያለ ሥራ ነው።